ምዕራፍ ስድስት፦ ሣሩ የማን ነው? በደጅ የሚቆም የምርጫ ሰሌዳና ሕጉ

ማርጋሬት ጊሊዮ የምትኖረው በሚዙሪ ስቴት፣ በሴንት ሉዊስ ዳርቻ፣ ላዱ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1990 አሜሪካ ኢራቅን ለመውጋት ስትዘጋጅ፣ ማርጋሬት ጦርነቱን የሚቃወምና ያየው ሁሉ ለኮንግረስ እንዲደውል የሚጠይቅ ሰሌዳ በደጇ ሣር ላይ አቆመች። ስፋቱ 24 በ36 ኢንች ነበር። የመጀመሪያው ሰሌዳ ጠፋ። ሌላ ብታቆም እሱንም መሬት ላይ ተጥሎ አገኘችው። ለፖሊስ ስታመለክት የተሰጣት መልስ፣ በላዱ እንዲህ ያለውን ሰሌዳ ማቆሙ ራሱ ክልክል ነው የሚል ሆነ። ለከተማው ምክር ቤት ልዩ ፈቃድ እንዲሰጣት ጠየቀች፤ ከለከላት። ከዚያ በኋላ ከተማዋን ከሰሰች።

የፌዴራል ፍርድ ቤት ደንቡ ለጊዜው እንዳይፈጸም ሲያግድ፣ ማርጋሬት በቤቷ የላይኛው ፎቅ መስኮት ላይ ከደብዳቤ ወረቀት የማትበልጥ፣ ለፋርስ ባሕረ ሰላጤ ሰላም የምትመኝ ጽሑፍ አደረገች። ምክር ቤቱ ደግሞ አሮጌውን ደንብ ሽሮ፣ የመስኮቱንም ጽሑፍ የሚከለክል አዲስ ደንብ አወጣ። በአዲሱ ደንብ መሠረት ቤቱን የሚሸጥ ሰው "ይሸጣል" ብሎ ማቆም ይችል ነበር። አብያተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤቶች፣ በንግድ ቀጠና ያሉ ሱቆችም የየራሳቸው ፈቃድ ነበራቸው። በመኖሪያ ቤቱ ደጅ ስለ ጦርነትና ሰላም ወይም ስለ ምርጫ ሐሳቡን መግለጽ ለሚፈልግ ሰው ግን ቦታ አልተተወለትም። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1994 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ለማርጋሬት ፈረዱ።

ይህ ፍርድ በአሌክሳንድሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዳላስ ወይም በሲያትል ቤት ገዝቶ ወይም ተከራይቶ የሚኖረውን ኢትዮጵያዊ በቀጥታ ይመለከተዋል። ምርጫ በቀረበ ቁጥር የጎረቤቶቻችን ሣር በእጩዎች ስም ይሞላል። የእኛ ደጅ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። እጩ መርጠን ያደርን፣ ለዘመቻው ገንዘብ ያዋጣን ሰዎች እንኳ ሰሌዳ ውሰዱ ስንባል እናመነታለን። አንዳንዱ "ጥርስ ውስጥ እገባለሁ" ብሎ ይሠጋል፤ አንዳንዱ ቅጣት ይመጣብኛል ብሎ ይፈራል፤ ሌላው ደግሞ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ደብዳቤ እንዳይልክበት ይጠነቀቃል። ከእነዚህ ሥጋቶች ጥቂቶቹ እውነት ናቸው፤ የሚበዙት ግን ሕጉን ካለማወቅ የመጡ ናቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ደግሞ አንድ ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ አለበት፦ ሰሌዳው የሚቆምበት መሬት የማን ነው?

ቤት ለምን ልዩ ቦታ ተሰጠው?

የላዱን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ናቸው። ስቲቨንስ ከተሞች የሰሌዳ መብዛትን የመቆጣጠር ሥልጣን እንዳላቸው አልካዱም። ሰሌዳ ቦታ ይይዛል፣ እይታ ይጋርዳል፣ የአሽከርካሪን ሐሳብ ሊሰርቅ ይችላል፤ ስለዚህ ደንብ ያስፈልገዋል። ከተማዋ የተሳሳተችው አንድን የመናገሪያ መንገድ ከነጭራሹ በመዝጋቷ ነው።

ዳኛው የሰጡት ምክንያት ሦስት ነገሮችን ይዟል። አንደኛ፣ በደጅ የሚቆም ሰሌዳ ርካሽ ነው። የቴሌቪዥን ማስታወቂያ መግዛት የማይችል ሰው፣ በየመንገዱ ወረቀት ለማደል ጉልበት የሌለው አዛውንት፣ ምትክ የሚሆን ሌላ መንገድ ላያገኝ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሰሌዳው ተናጋሪውን ያሳውቃል። የጦርነት ተቃውሞ በጡረታ በወጣ ጄኔራል ደጅ ሲቆምና በአንድ ሕፃን መኝታ ቤት መስኮት ላይ ሲለጠፍ የሚሰጠው ትርጉም አንድ አይደለም። ማን እንደተናገረ መታወቁ የመልእክቱ አካል ነው። ሦስተኛ፣ የሚያነቡት ጎረቤቶች ናቸው። ጎረቤትን በዚህ መጠን የሚደርስ ሌላ መንገድ የለም።

ለእኛ ማኅበረሰብ ሁለተኛውና ሦስተኛው ነጥብ ትልቅ ቁም ነገር አላቸው። ለትምህርት ቦርድ የሚወዳደርን ሰው ስም ማንም አላፊ ላያውቀው ይችላል። ልጆቹ ከልጆችዎ ጋር በአንድ አውቶቡስ የሚሄዱ ጎረቤት ግን፣ ሰሌዳውን በእርስዎ ደጅ ሲያይ፣ የሚያውቀውና የሚያከብረው ሰው ይህን እጩ እንደመረጠ ይረዳል። ስምዎ ባይጻፍበትም ሰሌዳው የእርስዎን ምስክርነት ይሰጣል።

ከተማው ምን መወሰን ይችላል? ምንስ አይችልም?

ከላዱ ፍርድ በኋላ ከተሞች ሙሉ ክልከላን ትተው ሰሌዳዎችን በዓይነት እየከፋፈሉ ለየዓይነቱ የተለያየ ልክ ማውጣት ቀጠሉ። ይህም ቢሆን በ2015 ለፍርድ ቀረበ። በአሪዞና የጊልበርት ከተማ ደንብ በርዕዮተ ዓለም ላይ የሚያጠነጥን ሰሌዳ እስከ 20 ካሬ ጫማ እንዲሆን፣ የጊዜ ገደብም እንዳይኖረው ይፈቅድ ነበር። የምርጫ ሰሌዳ በመኖሪያ ቦታ እስከ 16 ካሬ ጫማ ሆኖ፣ ከቅድመ ምርጫው 60 ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ ከጠቅላላ ምርጫው 15 ቀን በኋላ ድረስ ብቻ ይቆማል። ወደ አንድ ዝግጅት መንገድ የሚያመለክት ሰሌዳ ግን ከ6 ካሬ ጫማ መብለጥ የለበትም፤ ዝግጅቱ ሊጀመር 12 ሰዓት ሲቀረው ይቆምና ባበቃ በአንድ ሰዓት ውስጥ መነሳት ይኖርበታል። የራሱ ሕንፃ የሌለውና የእሑድ አምልኮውን በተለያየ ቦታ የሚያካሂድ አንድ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ ምእመናንን ወደ አምልኮው የሚመሩ ሰሌዳዎቹ ከሰዓቱ አልፈው ቆሙ ተብሎ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። መጋቢው ክላይድ ሪድ ከተማውን ከሰሱ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለቤተ ክርስቲያኑ ፈረደ። የፍርዱ መሠረት ለማንኛውም ሰው ሊገባ የሚችል ነው፤ አንድ ሰሌዳ ስንት ቀን እንደሚቆም የሚወሰነው ስለ ምን እንደሚናገር ታይቶ ከሆነ፣ ደንቡ በይዘት ላይ የተመሠረተ ነው። እንዲህ ያለ ደንብ ደግሞ ከተማው እጅግ ከባድ ምክንያት ካላቀረበ በቀር አይጸናም። ከተማው የጽሑፉን ይዘት ሳያይ ለሁሉም እኩል የሚሠራ ልክ ማውጣት ግን ይችላል፦ ስፋት፣ ከፍታ፣ ከመንገድ የሚኖረው ርቀት፣ መብራት፣ በመንገድ ማዕዘን ላይ የአሽከርካሪን እይታ አለመጋረድ። የከተማዎን ደንብ ሲያነቡ "ጊዜያዊ ሰሌዳ" በሚለው ርዕስ ሥር የሚያገኙት ይህንን ነው።

ለዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪ ቅርብ የሆኑ ሁለት ፍርዶችም አሉ። የአርሊንግተን ካውንቲ በአንድ መኖሪያ ቦታ ከሁለት በላይ ጊዜያዊ ሰሌዳ እንዳይቆም ይከለክል ነበር። በ1993 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህን ገደብ ሻረው። በአንድ የምርጫ ወቅት ብዙ ወንበሮች ለውድድር ይቀርባሉ፤ በአንድ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት የተለያየ እጩ ሊደግፉ ይችላሉ፤ ሁለት ሰሌዳ ለዚህ ሁሉ አይበቃም። በሜሪላንድ የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ደግሞ የምርጫ ሰሌዳ በግል መኖሪያ ላይ የሚቆመው ከምርጫ 45 ቀን በፊት ጀምሮ ከምርጫ 10 ቀን በኋላ ድረስ ብቻ ነው ይል ነበር። የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1999 ይህንንም አልተቀበለውም። በቨርጂኒያ የስቴቱ ሕግ ራሱ፣ ለሌሎች ጊዜያዊ ሰሌዳዎች የወጣውን የቀጠናና የመንገድ ወሰን ደንብ እስካከበረ ድረስ፣ በግል ይዞታ ላይ የቆመን የምርጫ ሰሌዳ የትኛውም ካውንቲ ወይም ከተማ መከልከል እንደማይችል ይደነግጋል።

ያጨዱት ሣር ሁሉ የእርስዎ አይደለም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በእግረኛ መንገዱና በመኪና መንገዱ መካከል ያለችውን ቀጭን የሣር መስመር የሚያጭዷት፣ ቅጠሏን የሚጠርጉላት እርስዎ ነዎት። በወረቀት ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመንገድ ወሰን ናት፤ ማለትም የሕዝብ መሬት። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ሰፈርም ወሰኑ ከአስፋልቱ ጠርዝ አልፎ ወደ ግቢዎ ሊገባ ይችላል። በትክክል የት ላይ እንደሚያበቃ ለማወቅ የቤቱን የቅየሳ ካርታ ማየት ይጠቅማል፤ ቤቱን ሲገዙ በክሎዚንግ (ግዢው በተጠናቀቀበት) ዕለት ከተቀበሏቸው ወረቀቶች መካከል ካላገኙት የካውንቲውን የመሬት መዝገብ ቢሮ ይጠይቁ።

በሕዝብ መሬት ላይ መንግሥት ሰፊ ሥልጣን አለው። በሎስ አንጀለስ ለከተማው ምክር ቤት ይወዳደሩ የነበሩት የሮላንድ ቪንሰንት ደጋፊዎች የእጩውን ስም በመብራትና በስልክ ምሰሶዎች ላይ ሰቀሉ፤ የከተማው ሠራተኞች አወረዱት። ደጋፊዎቹ ቢከሱም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984 በስድስት ለሦስት ድምፅ ከከተማው ጎን ቆመ። በሕዝብ ምሰሶ ላይ መለጠፍን ለሁሉም እኩል መከልከል ይቻላል ተባለ። ያንን ፍርድ የጻፉትም ያው ዳኛ ስቲቨንስ ናቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ ለማርጋሬት ጊሊዮ የፈረዱት ሐሳባቸውን ቀይረው አይደለም። የእጩ ስም በምሰሶ ላይ ሲሰቀል መሬቱ የሁሉም ነው፤ በደጅ ሣር ላይ ሲቆም ግን ባለቤት አለው። ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የዚህን ሕግ አጥንት ያገኛል።

ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በቨርጂኒያ ያለ ፈቃድ በመንገድ ወሰን ላይ ሰሌዳ ማቆም 100 ዶላር ያስቀጣል፤ የመንገድ መሥሪያ ቤቱም ማንሳት ይችላል። ድልድዩን ተሻግረው ዋሽንግተን ዲሲ ሲገቡ ግን በመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ መለጠፍ የተፈቀደ ነው። ገደቡ ማስታወቂያው ከ180 ቀን እንዳያልፍ፣ በአንድ ብሎክ በአንዱ የመንገድ ጎን ከሦስት ቅጂ እንዳይበልጥ፣ ከአንድ ዝግጅት ወይም ምርጫ ጋር የተያያዘ ከሆነም ጉዳዩ ካለፈ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ እንዲነሳ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አድሮ ዲሲ የሚሠራ፣ አሌክሳንድሪያ ዘመድ የሚጠይቅ ሰው በአንድ ቀን ሦስት የተለያዩ ደንቦችን አቋርጦ ይውላል። ስለዚህ "እዚያ አይቻለሁ" ማለት ለእዚህ ማስረጃ አይሆንም።

በምርጫው ዕለት ደግሞ ሌላ ወሰን ይጨመራል። በድምፅ መስጫ ጣቢያ ዙሪያ ቅስቀሳ የተከለከለበት ክልል አለ፤ በቨርጂኒያ ከመግቢያው 40 ጫማ፣ በሜሪላንድ 100 ጫማ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1992 የቴነሲን የ100 ጫማ ክልል አጽንቷል፤ መራጩ ሳይገፋና ሳይሸማቀቅ ድምፅ መስጠት አለበትና።

ማኅበሩና አከራዩ

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ መንግሥት ነው። የመናገር ነጻነትን የሚጠብቀው የመጀመሪያው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን ነው። ታውንሃውስ ወይም ኮንዶ ሲገዙ የፈረሙለት የቤት ባለቤቶች ማኅበር ግን የግል ተቋም ነው። ማኅበሩ የሚጠይቅዎ ሲገዙ የተቀበሉትን ውል ነው፤ የላዱ ፍርድ በቀጥታ አይደርስልዎትም። ኮንግረስ በ2006 ባወጣው ሕግ ማኅበራት አባላት የአሜሪካን ባንዲራ እንዳያውለበልቡ መከልከል አይችሉም፤ ይህ ሕግ ለምርጫ ሰሌዳ ጥበቃ አልሰጠም። ጥበቃው ካለ የሚገኘው በየስቴቱ ሕግ ነው።

ቴክሳስ ይህን በግልጽ ደንግጋለች። ማኅበሩ ከምርጫው 90 ቀን በፊት ጀምሮ ከምርጫው 10 ቀን በኋላ ድረስ የምርጫ ሰሌዳን መከልከል አይችልም። ሰሌዳው በመሬት ላይ የተተከለ እንዲሆን፣ ለአንድ እጩ ከአንድ እንዳይበልጥ፣ ስፋቱም ከ4 በ6 ጫማ እንዳያልፍ ግን ማዘዝ ይችላል። በካሊፎርኒያ ማኅበሩ የንግድ ያልሆነን ሰሌዳ መከልከል የሚችለው ከ9 ካሬ ጫማ ሲበልጥ፣ ወይም ለሕዝብ ጤናና ደኅንነት ሲባል፣ ወይም ሌላ ሕግ የሚጥስ ሲሆን ነው። በዘመቻ ቢሮዎች በብዛት የሚታደለው ሰሌዳ 18 በ24 ኢንች ሲሆን ሦስት ካሬ ጫማ ብቻ ነው። በሁለቱም ስቴቶች ልክ ውስጥ በሚገባ ያርፋል።

በኒው ጀርሲ ነገሩ የተወሰነው በፍርድ ቤት ነው። ትዊን ሪቨርስ የሚባል ትልቅ መንደር ማኅበር በየመስኮቱ አንድ ሰሌዳ፣ በደጅም ከቤቱ በሦስት ጫማ ውስጥ ባለው የአበባ መደብ ላይ አንድ ሰሌዳ ይፈቅድ ነበር። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 ይህ ገደብ ተገቢ ነው አለ። በ2012 ግን ሌላ ጉዳይ ቀረበለት። በፓርሲፓኒ ለከተማ ምክር ቤት የተወዳደሩት ዋሲም ካን የራሳቸውን የምርጫ ሰሌዳ በታውንሃውሳቸው መስኮት ላይ አድርገው ማኅበሩ እንዲያነሱ አዘዛቸው፤ ደንቡ ከ"ይሸጣል" በቀር ሌላ አይፈቅድም ነበር። ፍርድ ቤቱ ለካን ፈረደ። በልክ መገደብና ጨርሶ መከልከል የተለያዩ ናቸው።

ተከራይ ከሆኑ የሚመለከቱት የኪራይ ውልዎን ነው። እዚህም የስቴት ሕግ ሊያግዝ ይችላል። በካሊፎርኒያ አከራይ ተከራዩን በመስኮቱ ወይም በበሩ ላይ የምርጫ ሰሌዳ እንዳያደርግ መከልከል አይችልም፤ ከ6 ካሬ ጫማ እንዳይበልጥ ግን ሊያዝ ይችላል። በሌሎች ስቴቶች እንዲህ ያለ ጥበቃ ላይኖር ስለሚችል ሰሌዳውን ከመለጠፍ በፊት ውሉን ማንበብ ይሻላል።

ዜጋ ላልሆነውና ለመንግሥት ሠራተኛው

ዜግነት ሳያገኙ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን "ድምፅ የማልሰጥ ሰው ምን ሰሌዳ አለኝ?" ይላሉ። ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት አይችልም፤ ይህን መስመር ማለፍ ወንጀል ስለሆነ በፍጹም መደፈር የለበትም። ሐሳብን መግለጽ ግን ሌላ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1945 የመናገር ነጻነት በአገሩ ለሚኖር የውጭ ዜጋም እንደሚሠራ ተናግሯል። የግሪን ካርድ ባለቤት ለእጩ ገንዘብ መስጠትም በፌዴራል ሕግ ተፈቅዶለታል።

በፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚሠሩም አሉ። ሃች አክት የሚባለው ሕግ በሥራ ሰዓትና በመንግሥት ሕንፃ ውስጥ የምርጫ ቅስቀሳን ይከለክላቸዋል። በገዛ ቤታቸው ግቢ የእጩ ሰሌዳ ማቆምን ግን አይከለክልም።

ሰሌዳው ቢነቀል

አባቶች "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" ይላሉ። ከግል ግቢ ውስጥ ሰሌዳ መንቀል የሰው ንብረት መውሰድ ነው፤ ተቃዋሚ እጩን የሚያወድስ ሰሌዳ መሆኑ ነቃዩን ከጥፋት አያድነውም። ሰሌዳዎ ቢጠፋ ያቆሙበትን ቦታ የሚያሳይ ፎቶ ይዘው ለፖሊስ ያመልክቱ፤ ለዘመቻው ቢሮም ይንገሩ፤ ሌላ ሰሌዳ ይሰጥዎታል። የሰውን ሰሌዳ ያለመንቀል ግዴታ በእኛም ላይ አለ። ባለፉት ዓመታት የአገር ቤት ጉዳይ ማኅበረሰባችንን ከፋፍሎታል፤ አንዱ የደገፈውን እጩ ሌላው እንደ ጠላት ሊያየው ይችላል። የማንወደውን ሰሌዳ በጎረቤት ግቢ ስናይ መልሱ በራሳችን ግቢ የራሳችንን ማቆም ነው። የሌላውን ሰው ሣር ካላከበርን የእኛን የሚያከብርልን አይኖርም።

ይህ ሁሉ ለሦስት ካሬ ጫማ?

ሰሌዳ ምርጫ ይለውጣል ወይ ተብሎ ተጠንቷል። ዶናልድ ግሪንና ባልደረቦቻቸው በኒው ዮርክ፣ በቨርጂኒያና በፔንሲልቬንያ በተደረጉ አራት ምርጫዎች ሰሌዳ የሚቆምባቸውን የድምፅ መስጫ ቀጠናዎች በዕጣ መርጠው ውጤቱን ለኩ። በ2016 ባሳተሙት ጥናት መሠረት ሰሌዳ በተተከለበት ቀጠና የእጩው ድርሻ በአማካይ 1.7 በመቶ ነጥብ ገደማ ጨምሯል። ለፕሬዚዳንት ምርጫ ይህ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ጥቂት ሺሕ ሰው ብቻ ድምፅ በሚሰጥበት የትምህርት ቦርድ ወይም የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ግን ማን እንደሚቀመጥ የሚወስን ልዩነት ሊሆን ይችላል። የልጆቻችን ትምህርት ቤት ወሰን፣ የሱቆቻችንና የምግብ ቤቶቻችን ፈቃድ፣ የንብረት ግብራችን መጠን የሚወሰነው በእነዚህ ወንበሮች ላይ ነው። እጩዎችም የማን ሰፈር እንደሚናገርና የማን እንደሚተኛ ያያሉ፤ ድምፁን የማያሰማ ሰፈር በጀትና አገልግሎት ሲከፋፈል በቀላሉ ይዘለላል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ምርጫ ሦስት ነገሮችን ቀድመው ያድርጉ። የከተማዎን ወይም የካውንቲዎን የጊዜያዊ ሰሌዳ ደንብ ያንብቡ። ማኅበር ካለ የማኅበሩን ደንብ፣ ተከራይ ከሆኑም ውልዎን፣ ከስቴቱ ሕግ ጋር ያስተያዩ። የመሬትዎን ወሰን ይወቁና ሰሌዳውን ከመንገዱ ወሰን አሳልፈው ወደ ራስዎ ይዞታ ገባ አድርገው ይትከሉ። ይህን ካደረጉ በኋላ "ማን ፈቀደልህ?" ለሚል ሰው በልበ ሙሉነት የሚሰጡት መልስ አለዎት። ማርጋሬት ጊሊዮ ይህን መልስ ለማግኘት ከተማዋን መክሰስና ከሦስት ዓመት በላይ መሟገት ነበረባት። እርስዎ ግን ፍርዱን ተዘጋጅቶ ያገኙታል፤ የሚቀረው ማንን እንደሚደግፉ ወስኖ ለዘመቻው ቢሮ መደወል ነው።